ጤዛው አንድ፤ ሽንኩርቱ ወድቆ ጥዱ ለምን ቆመ?

ባለፈው ኅዳር ሰሜን ሸዋ አጎቴ ጋ ሄጄ ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ብርድ ልብሱን ገልጠው ቀሰቀሱኝ። «ተነስ፣ አንተ የተማርከው! ና አንድ ነገር እይልኝ» አሉ። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ እንጂ የሰብል ሐኪም አይደለሁም። ለአጎቴ ግን የተማረ ሁሉ አንድ ነው። ሬዲዮ ሲበላሽባቸውም የሚጠሩት እኔን ነው።

ማሳው ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ነው። በመስኖ የለማ ቀይ ሽንኩርት፤ ቢበዛ ሩብ ሄክታር ይሆናል። ከሩቅ ሲያዩት ደህና ነው። ቀረብ ስንል ግን እዚህም እዚያም የገረጣ ቦታ አለ። ጎንበስ ብዬ አንድ ቅጠል ያዝኩ። መሃሉ ላይ ጣት የሚያህል ሞላላ ቦታ አረንጓዴው ለቆት ፈዟል። እዚያው ላይ ስስ ጸጉር አብቅሏል። አመድ ይመስላል፤ ወደ ብርሃን ዘወር ሲያደርጉት ደግሞ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። በአውራ ጣቴ ጠረግ አደረግኩት። ጣቴ ላይ ቀረ። ከጎኑ ያለው ቅጠል ጫፉ ደርቆ፣ ወገቡ ላይ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል።

«ውርጭ ይሆን እንዴ?» አልኳቸው፣ ለመሞከር ያህል።

«ውርጭማ ቢሆን አንድ ሌሊት መትቶ ይሄዳል። ይኼ በየጊዜው እየሰፋ ነው።»

ልክ ናቸው። ከዚያ የሆነውን አጫወቱኝ። ለስንዴ ዋግ ገዝተውት የተረፈ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነበር። «ዋግም ሻጋታ፣ ይኼም ሻጋታ» ብለው ሁለት ጊዜ ረጩት። ምንም የለም። ውሃ የረጩ ያህል ሆነ።

ይህን እየነገሩኝ ቀና ብለው የቤተ ክርስቲያኑን ጥድ አዩ። ግንዱን ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ቅርንጫፉ በጤዛ ርሶ ጠብ ጠብ ይላል። «ጤዛው ያው አንድ ጤዛ ነው» አሉ። «የኔን ሽንኩርት እንዲህ አጋድሞ እሱን ለምን አይነካውም?»

ያን ጠዋት የሰጠኋቸው መልስ ግማሽ መልስ ነበር። ሙሉውን ለመመለስ ጥዱንና በሽታውን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሁለቱን ማወዳደር እንግዳ ነገር ይመስላል፤ አንዱ ሰማይ ጠቀስ ዛፍ፣ ሌላው በጣት የሚጠረግ ጸጉር። ሲጠጋጉ ግን የአጎቴ መድኃኒት ለምን እንዳልሠራም ይገለጣል።

ሻጋታ የሚመስለው

በሽታው ዳውኒ ሚልዲው ይባላል። አንዱ ሻጋታ ይለዋል፣ ሌላው ውርጭ፣ ሌላው ዝም ብሎ «በሽታ»። ባለሙያዎችም ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ስሙ ይጠሩታል። «ዳውኒ» የጫጩት ላባ ዓይነት ልስላሴን ያመለክታል። እኔም ሚልዲው እያልኩ ልቀጥል።

ከሌላ ስመ ሞክሼ ጋር እንዳይምታታ ግን አንድ ነገር ልበል። ፓውደሪ ሚልዲው የሚባል አለ፤ ቅጠል ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለው። እሱ እውነተኛ ፈንገስ ነው። ቅጠሉ በውሃ ባይርስም ይስፋፋል። የእኛው ሚልዲው ግን ያለ እርጥበት አንድ እርምጃ አይሄድም። ስማቸው ይመሳሰላል፤ ጠባያቸው ለየቅል ነው።

የሽንኩርቱ ሚልዲው ሳይንሳዊ ስሙ ፔሮኖስፖራ ዴስትራክተር ነው። ዴስትራክተር ማለት አጥፊ ማለት ነው። ይህን ስያሜ የሰጠው ማይልስ በርክሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1841 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቄሱ ከስብከቱ የተረፈውን ጊዜ በማጉያ መነጽር ሻጋታ እያየ የሚያሳልፍ ሰው ነበር። የጥዱ ስም ደግሞ ጁኒፔረስ ፕሮሴራ ነው። ፕሮሴራ በላቲን ረጅም፣ መለሎ እንደማለት ነው። አንዱን በቁመናው፣ ሌላውን በጥፋቱ ጠሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህ ሚልዲው ፈንገስ አይደለም።

መልኩማ የፈንገስ ነው። እንደ ፈንገስ ክር ይዘረጋል፤ እንደ ፈንገስ ብናኝ ይበትናል። የድሮ ሊቃውንትም ከፈንገስ ጋር መድበውት ኖረዋል። ዝምድናው ሲመረመር ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ቡድኑ ኡማይሲት ይባላል። ዘመዶቹ ባሕር ውስጥ የሚበቅሉት ቡናማ አልጌዎች ናቸው፤ ያ ማዕበል ወደ ዳር የሚተፋው ረጅም ቆዳ መሳይ የባሕር አረም። ፈንገስ በበኩሉ ወደ እንስሳት ወገን ይቀርባል። ስለዚህ የስንዴ ዋግ፣ ነገሩ ቢያስቅም፣ ከሽንኩርቱ ሚልዲው ይልቅ ለአጎቴ በሬ የቀረበ ዘመድ ነው።

ልዩነቱ የስም ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የፈንገስ ሴል ግድግዳ ካይቲን የሚባል ነገር አለበት፤ የነፍሳትን ቅርፊት የሚያጠነክረው ያው ካይቲን። የሚልዲው ግድግዳ ግን ሴሉሎስ አለበት። የጥዱም ግድግዳ ሴሉሎስ ነው። በዚህ በኩል ካየነው የሽንኩርቱ አጥፊና የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ቤታቸውን የሠሩት ከተመሳሳይ ጭቃ ነው። ዝምድና ኖሯቸው ግን አይደለም።

የአጎቴን መድኃኒት ያመከነው ግን ሌላ ልዩነት ነው። ፈንገስ የሴሉን ስስ ሽፋን የሚያጠነክረው ኤርጎስቴሮል በሚባል ቅባት መሰል ነገር ነው። ለዋግ ከሚሸጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት ፈንገሱ ይህን ነገር እንዳያመርት በመከልከል ነው። ጠርሙሱን አንስቼ አየሁት፤ ፕሮፒኮናዞል ይላል። እሱም ከእነዚሁ ነው። ሚልዲው ደግሞ ኤርጎስቴሮል አያመርትም። ያልተከፈተ ወፍጮ ቤት ሊያሽጉ መሄድ ማለት ነው። አጎቴ ሰነፍ አልነበሩም። መድኃኒቱም የተበላሸ አልነበረም። ስሙ ነው ያሳሳታቸው።

ጥዱ እንዴት ይኖራል?

በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ከጥንት ጀምሮ የበቀሉ ኮኒፈር ዛፎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጥድና ዝግባ። ኮኒፈር የሚባሉት አበባ የማያብቡ፣ ዘራቸውን በእውነተኛ ፍሬ ፈንታ ኮን በሚባል ቅርፊት መሳይ ነገር የሚይዙ ዛፎች ናቸው። በየግቢው አጥር የሚሆነው የፈረንጅ ጥድ ሌላ ነው፤ እሱ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። የሐበሻው ጥድ ግን ከሳዑዲ ዓረቢያና ከየመን ተራሮች ጀምሮ በኢትዮጵያና በኬንያ አልፎ እስከ ዚምባብዌ ይገኛል። ከዓለም የጁኒፔረስ ጥዶች ሁሉ የምድር ወገብን ተሻግሮ የበቀለ እሱ ብቻ ነው።

ብዙውን ጊዜ 20 ወይም 25 ሜትር ይደርሳል። ምቹ ቦታ ካገኘ 40 ሜትር የሚሞላም አለ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ ወንድና ሴት ጥድ መኖሩን ነው። ወንዱ ብናኙን ለነፋስ ይሰጣል። ሴቷ ጥቁር ሰማያዊ፣ ላዩ ላይ ነጭ አቧራ ያረፈበት የሚመስል ትንንሽ ፍሬ ትይዛለች። «ፍሬ» ያልኩት ለአማርኛ ስለሚመች ነው፤ በእርግጥ ሥጋ የለበሰ ኮን ነው። ወፍ በልታ ዘሩን ራቅ አድርጋ ትጥለዋለች።

ሁሉ ነገሩ ዝግ ያለ ነው። ችግኝ ያፈላ ሰው ያውቀዋል፤ ዘሩ ቶሎ አይበቅልም፣ የበቀለውም ቶሎ አያድግም። ሲቆረጥ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፣ ይመለሳል። ጥድ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። በምትኩ ያደገውን አጠንክሮ ይይዛል። እንጨቱ ቀላ ያለ፣ ሽታው የሚያውድ፣ ምስጥም ሆነ ብስባሽ በቀላሉ የማይደፍረው ነው። አጎቴ ግቢ ያለው የአጥር ካስማ አባታቸው የተከሉት ነው፤ ዛሬም አልነቀነቀም።

መናገሻን የሚያውቅ እዚያ ያለውን ጥድ ያውቃል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ወፍ ዋሻ ደግሞ የእኛው ሰሜን ሸዋ ነው፤ አጎቴ ይህን ከሰሙ በኋላ ስለ መናገሻ የሚያወሩት እንደ ራሳቸው ርስት ነው።

ጥዱ ምግቡን የሚያበስለው ራሱ ነው። ፀሐይ፣ አየር፣ ውሃ፤ በቃ። አንድ ዕርዳታ ግን አለው። ሥሩ ውስጥ እውነተኛ ፈንገሶች ይኖራሉ። ክራቸውን ወደ አፈሩ ዘርግተው ፎስፈረስና ሌላም ማዕድን ያቀብሉታል፤ እሱ ስኳር ይከፍላቸዋል። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚገርመኝ። አጎቴ ሊገድሉት የረጩለት ፈንገስ ሽንኩርቱ ላይ አልነበረም። ፈንገሱ ያለው ጥዱ ሥር ነው፤ እሱም ወዳጅ ነው።

ሚልዲው እንዴት ይኖራል?

በሰው ቤት ይኖራል። ነገሩ ይኸው ነው።

ላቦራቶሪ ውስጥ ስኳርና ማዕድን ቀላቅላችሁ ብትሰጡት አይበላም። የሞተ ቅጠል ብትሰጡት አይበላም። በሕይወት ያለ ሽንኩርት ወይም የሽንኩርት ዘመድ ብቻ ነው የሚፈልገው። ለዚህም ነው ወዲያው የማይገድለው። እንግዳው ቤቱን አያፈርስም፤ ጓዳው ባዶ እስኪሆን ይበላል።

አበላሉ እንዲህ ነው። ብናኙ እርጥብ ቅጠል ላይ ያርፋል፤ እዚያው ክር ያወጣል። ክሩ የቅጠሉን መተንፈሻ ቀዳዳ ፈልጎ ይገባል። ውስጥ ከገባ በኋላ በሴሎቹ መሃል እየተሹለከለከ ያድጋል። በየመንገዱ ወደ ሴሎቹ ትንሽ ጣት መሳይ ነገር ይሰድዳል። ጣቱ የሴሉን ግድግዳ ይበሳል፤ የውስጡን ስስ ሽፋን ግን አይቀድም። ጓንት እንዳጠለቀ እጅ ሽፋኑን ይዞት ይገባል። ሴሉ አልሞተም። እየኖረ ይመጠጣል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ላዩ ላይ ምንም አይታይም። የሽንኩርት ሚልዲው ከገባበት ቀን ጀምሮ ራሱን እስኪገልጥ ከ9 እስከ 16 ቀን ይወስድበታል። ዛሬ ቅጠሉ ላይ የምታዩት ጸጉር የዛሬ ሁለት ሳምንት ሌሊት የተፈጸመ ነገር ነው። አጎቴ «ትናንት ደህና ነበር» ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ግን ትናንት ደህና አልነበረም።

ቀን ሲሞላለት የሚሠራው በሌሊት ነው። አየሩ በእርጥበት ሲጠግብና ቀዝቀዝ ሲል፣ በጨለማ፣ በዚያው በገባበት መተንፈሻ ቀዳዳ ቅርንጫፍ ያወጣል። ጫፍ ጫፉ ላይ ብናኝ ያፈራል። በማጉያ መነጽር ሲያዩት ቅጠሉን የረገፈ ትንሽ ዛፍ ይመስላል። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅና አየሩ ሲደርቅ ቅርንጫፉ ይጠመዘዝና ብናኙን ይለቀዋል። እኛ ማሳው የደረስነው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ተመልሼ ያንኑ ቅጠል ሳየው ጸጉሩ ሳስቷል። ሄዷል ማለት ነው፤ ወደ ጎረቤት ቅጠል።

ብናኙ ዕድሜው አጭር ነው። ፀሐይና ድርቀት በጥቂት ቀን ይፈጁታል። ግን ተጠባባቂ አለው። ቅጠሉ ሲያረጅ ውስጡ ወፍራም ግድግዳ ያለው ሌላ ዓይነት ዘር ይሠራል። ያ ዘር ከቅጠሉ ጋር አፈር ይገባና ለዓመታት ያደፍጣል። በተጨማሪ ራሱ የሽንኩርቱ ኮረት ውስጥ ተደብቆ የሚከርም አለ። ለዘር ብለው ያስቀመጡት ሽንኩርት በሽታውን ይዞ ይወጣል።

ጥዱም ብናኙን በነፋስ ይልካል፣ ሚልዲውም በነፋስ ይልካል። የጥዱ ብናኝ የሚፈልገው ሴት ጥድ ነው። የሚልዲው ብናኝ የሚፈልገው የሰው ጓዳ ነው።

ሻንጣው

ሁለቱን ሲያወዳድሩ በጣም የሚያስደንቀው የዘር መረጃቸው መጠን ነው። ኮኒፈሮች በዚህ የታወቁ ናቸው። የአውሮፓው ስፕሩስ የሚባለው ዛፍ ዲኤንኤ በ2013 ሲነበብ 20 ቢሊዮን ያህል ፊደል ተገኘበት። የሰው 3 ቢሊዮን ገደማ ነው። አብዛኛው ራሱን እየደጋገመ የገለበጠ ጽሑፍ ነው። እንደ አሮጊት ሳጥን፤ ምንም አይጣልም።

ሚልዲው ተቃራኒው ነው። የጎመን ዘመድ የሆነች ትንሽ ተክል የሚያጠቃ አንድ ሚልዲው በ2010 ዲኤንኤው ተነበበ። 100 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የጎደለው ነገር ነው። ናይትሬትን ከአፈር ወስዶ ለመጠቀም የሚያስፈልጉ ጂኖች ጠፍተውበታል። ድኝን ለማዘጋጀት የሚያስፈልገውም እንዲሁ። ተክሉ ሠርቶ ስለሚያቀርብለት ሙያውን ረሳው። ሁልጊዜ ሆቴል የሚበላ ሰው ሽሮ መሥራት እንደሚረሳው ማለት ነው። ያልጠፉት ደግሞ ለሌብነት የሚያገለግሉት ናቸው። የተክሉን ዘበኛ የሚያዘናጉ ከ100 በላይ ፕሮቲኖችን የሚያዝዙ ጂኖች ይዟል ተብሎ ተገምቷል።

ታዲያ ጥዱን ለምን አይነካውም?

ወደ አጎቴ ጥያቄ ተመለስን።

መጀመሪያ የሚመጣልን መልስ ቆዳው ነው። የጥድ ቅጠል ቅጠል አይመስልም። ሕፃን ሳለ መርፌ ነው፤ ሲያድግ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተደራረበ ቀንበጡ ላይ ይጣበቃል። ሰም የተቀባ ነው። ውስጡ ሻጋታም ነፍሳትም የማይወዱት ሽታ ያለው ዘይት አለው። ይህ ሁሉ ይረዳዋል። ግን ሽንኩርትም እኮ ሰም አለው። ሽንኩርት ላይ መድኃኒት የረጨ ሰው ጠብታው እንዴት ተንከባልሎ እንደሚወርድ አይቷል። ስለዚህ ሰም ብቻውን መልስ አይሆንም።

ትልቁ መልስ እነዚያ ዘበኛ የሚያዘናጉ ፕሮቲኖች ላይ ነው። ሰርግ ቤት ሳይጠራ የሚገባ ሰው አስቡ። «የሙሽራው የአጎት ልጅ ነኝ» ይላል። የአጎትየውን ስም ያውቃል፤ ሰፈሩን ያውቃል። በረኛው ያሳልፈዋል። ይኸው ሰው ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ሰርግ ቢሄድ በያዘው ስም ማንም አያስገባውም። የሽንኩርት ሚልዲው የሽንኩርትን ቤተሰብ ስም አጥንቷል። ከጥዱ ቤት ግን አንድም ሰው አያውቅም። ጤዛው ላይ ቢያርፍም፣ ክር ቢያወጣም፣ በሩ ላይ ይቀራል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል።

ይህ ለሽንኩርቱ ሚልዲው ብቻ አይደለም። የወይን አለ፣ የሰላጣ አለ፣ የዱባና የኪያር አለ፣ የማሽላ አለ። የበሶብላ እንኳ አለ። አሜሪካ ያላችሁ ሰዎች ጓሯችሁ የተከላችሁት በሶብላ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከቅጠሉ በታች በኩል ግራጫ ጸጉር አይታችሁ ከሆነ ይኸው ነው፤ በ2007 ፍሎሪዳ ታይቶ ነው አገሩን ያዳረሰው። ሁሉም ታዲያ የሚያጠቁት አበባ የሚያብቡ ተክሎችን ነው። ጥድ አበባ የለውም። ከዝርዝራቸው ውጪ ነው።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ጥድ ተገላገለ» ብዬ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሚልዲው የአጎት ልጆች አሉት። ፋይቶፍቶራ ይባላሉ፤ በግሪክኛ ተክል አጥፊ ማለት ነው። በድንች በሽታነቱ የምናውቀው፣ ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን በረሃብ የጨረሰውና አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ያለቀበት፣ የዚሁ ወገን ነው። እንዲያውም ዳውኒ ሚልዲዎች ከዚሁ ከፋይቶፍቶራ ሐረግ የተገነጠሉ መሆናቸው ታውቋል። የአጎት ልጆቹ ደግሞ ዛፍ አይፈሩም። ፋይቶፍቶራ አውስትሮሴድሪ የሚባለው በ2007 አርጀንቲና ውስጥ የአገሩን ኮኒፈር ሲገድል ተገኝቶ ስም ወጣለት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንግሊዝና ስኮትላንድ ውስጥ የዱር ጥድ ሲያደርቅ ተያዘ። ያ የእንግሊዝ ጥድ ለእኛው ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው። አገባቡ ግን በጤዛና በቅጠል አይደለም። ከሥር ነው፤ ውሃ በጠገበ አፈር ውስጥ እየዋኘ። ጎብኚ ጫማው ላይ ይዞት ይመጣል፤ ችግኝ ከነአፈሩ ሲጓጓዝ አብሮ ይጓዛል። ከውጭ ችግኝ ከነአፈሩ የሚያስመጣ ሰው ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ሰማያዊው ርጭት

ለሚልዲው ታዲያ ምን ይሠራለታል? እዚህ አንድ የቦርዶ፣ የፈረንሳይዋ ከተማ፣ ታሪክ አለ፤ ሳልነግራችሁ አላልፍም።

በ1870ዎቹ መጨረሻ የወይን ሚልዲው ከአሜሪካ ፈረንሳይ ገባ። ወይኑ ቅጠሉን እያራገፈ አለቀ። በ1882 መከር ላይ ፒየር ሚያርዴ የሚባል የዕፅዋት መምህር ሜዶክ በሚባለው የወይን አገር ሲያልፍ ከመንገዱ ዳር ያለው ወይን ብቻ ቅጠሉን እንዳልጣለ አየ። መሃሉ ደርቋል፤ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነው። ጠጋ ብሎ ሲያይ ቅጠሉ ላይ ሰማያዊ ነገር ተለድፏል። ጠየቀ። መንገደኛ ወይን እየቆረጠ ስላስቸገራቸው የመዳብ ሰልፌትና ኖራ በጥብጠው መርጨታቸውን ነገሩት፤ መርዝ መስሎት እንዲተወው። ለሌባ የታሰበው ሌላውን ሌባ ያዘ። ሚያርዴ ሞክሮት በ1885 አሳተመው። የቦርዶ ድብልቅ እየተባለ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

መዳብ የሚሠራው ኤርጎስቴሮልን ፈልጎ አይደለም። ብናኙ ክር ከማውጣቱ በፊት እዚያው ቅጠሉ ላይ ይመርዘዋል። ማንኮዜብ የሚባለው መድኃኒትም እንደዚሁ በር ላይ የሚቆም ጠባቂ ነው። ቅጠል ውስጥ የገባውን ግን አያወጣም። ለዚህ ነው ጸጉሩ ከታየ በኋላ የሚረጭ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው።

በ1977 ሜታላክሲል የሚባል መጣ። ገበሬው ሪዶሚል እያለ የሚያውቀው መድኃኒት ውስጥ ያለው ነው። እሱ ቅጠሉ ውስጥ ሰርጎ ኡማይሲቱን ካለበት ይከተለዋል። ተአምር ተባለ። በ1980 ግን እስራኤል ውስጥ የኪያር ሚልዲው እንደለመደው ተዘገበ። ሦስት ዓመት ብቻ! በሁለት ሳምንት አንድ ትውልድ የሚያፈራ ነገር ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም። ጥዱ በዚያ ሦስት ዓመት ውስጥ ጉልበት የማይደርስ ችግኝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሜታላክሲል ብቻውን አይረጭም፤ ከማንኮዜብ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል፤ እሱም ቢሆን ሳይቀያየር በላይ በላዩ አይደጋገምም።

ማሳው ላይ

አጎቴ ይህን ሁሉ ሲሰሙ «እሺ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አሉ። የዘንድሮውን ለመታደግ ዘግይቷል፤ ይህን ደብቄ አልነገርኳቸውም። የባሰበትን ቅጠል ነቅለን ከማሳው አውጥተን አቃጠልን። የተረፈውን የወረዳው ባለሙያ መጥቶ አየና ተስማሚውን አዘዘላቸው።

ውሃ የሚለቁት ማታ ማታ ነበር፤ ተራቸው ያኔ ስለሆነ። ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው ወደ ጠዋት አዛወሩት። ማታ የጠጣ ማሳ ሌሊቱን እርጥበት ታቅፎ ያድራል፤ ሚልዲው የሚፈልገው ይህን ነው። አተካከላቸውም በጣም የተጠጋጋ ነበር። «ቦታ አይባክን» ብለው ነው። ሽንኩርት ሲጠጋጋ ንፋስ አይገባም፤ ጤዛውም እስከ ረፋድ አይደርቅም። ለሚቀጥለው መስመሩን ሰፋ አድርገው፣ ነፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ ለማድረግ ተስማማን። ለዘር ያሰቡትን ሽንኩርት ከዚህ ማሳ እንዳይወስዱም ነገርኳቸው። ይህ ቅር አሰኛቸው፤ ዘር ውድ ነው።

የመጨረሻው ደግሞ ማሳውን ማሳረፍ ነው። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ለሦስት ለአራት ዓመት እዚያ ባይዘራ ይሻላል፤ ያ ወፍራም ግድግዳ ያለው ዘር አፈር ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀው እነሱን ነውና።

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ።

«ባቄላ ልዘራበት ነው» አሉ።

«ጥሩ ነው ጋሼ።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ለመሆኑ ባቄላ ይኼ ሚልዲው የምትለው የለበትም?»

«የራሱ አለው። የሽንኩርቱ ግን አይደለም፤ ያንኛው ባቄላውን አያውቀውም።»

«እንግዲያው ለእሱም ጠዋት ጠዋት መጥተህ ታያለህ» ብለው ስልኩን ዘጉት።